ላይቤሪያ ውስጥ የሕጻናት ማሳደጊያ ልንከፍት ነው ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ሚኒሶታ ነው ምትኖሪው፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አብራሽ ምትሰራ ላይቤሪያዊት ጓደኛ አለችሽ፣ እሷ ሞንሮቪያ ጥግ ፔንስቪል ላይ የቤተሰብ ግቢ አላት፣ ከቤተክርስቲያናችሁ ሰዎች ጋር ሆናችሁ እዛ ግቢ ላይ 40 ልጅ ሚይዝ ማሳደጊያ ልትከፍቱ ነው፣ እና ምን ያህል ብር ይበቃል፣ ፈቃዱ እንዴት ይወጣል፣ ሰራተኛስ እንዴት እንቅጠር ነው ያልሽው። እኔ ስራዬ የሕጻናት ጥበቃ ነው፣ ላይቤሪያም ሴራሊዮንም ሰርቻለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

በግልጽ ልንገርሽ፣ 40 አልጋ ከገዛችሁ 40 ልጅ ታገኛላችሁ፣ ያውም ሳምንት ሳይሞላ። እኔን ሚያስፈራኝም እሱ ነው። ልጁ ሚመጣው ሰው ስለሌለው ሳይሆን አልጋው ስላለ ነው፣ አንዴ ከገባ ደግሞ ማውጣት ከማስገባት አስር እጥፍ ይከብዳል።

ይሄ ከየት መጣ መሰለሽ፣ ጦርነቱ የጀመረው በ1989 ዲሴምበር የቻርለስ ቴይለር ኃይል ከአይቮሪኮስት ተሻግሮ ኒምባ ሚባለው ካውንቲ (የነሱ ክፍለ ሀገር በይው) ሲገባ ነው፣ መሃል ላይ በረድ ብሎ 1999 እንደገና ተነሳና በ2003 ኦገስት ጋና፣ አክራ ላይ ተፈራርመው አበቃ። ሴቭ ዘ ችልድረን እንዳወጣው በ1989 አገሪቱ ውስጥ 10 ማሳደጊያ ነበር፣ በ1991 121 ደረሰ። ያው ጦርነት ነዋ ትይ ይሆናል፣ እውነትም ወላጅ ያለቀበት ልጅ ብዙ ነበር። ግን ሌላም ነገር ነበር፣ የእርዳታ ሩዝና ዘይት ለማሳደጊያዎች በልጅ ቁጥር ነበር ሚታደለው፣ ስለዚህ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ፣ ፓስተሩም ጡረታ የወጣው አስተማሪም፣ በር ላይ ታፔላ ሰቀለ። ሁሉም ሌባ ነበር እያልኩ አይደለም፣ የገዛ ጎረቤቱን ልጆች ከሞት ያተረፈ ሰው በብዛት አለ። ነገር ግን ሰላም ከመጣ በኋላም ቤቶቹ አልተዘጉም፣ እንደውም በ2007 የተባበሩት መንግስታት የሰላም አስከባሪ ተልዕኮ ስለ ማሳደጊያዎቹ ለብቻው ሪፖርት እስከማውጣት ደርሷል፣ ፈቃድ የሌላቸው፣ ምግቡም ጤናውም የተጓደለ፣ ቤተሰብ ያላቸው ልጆች ታጭቀው ሚኖሩባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ከዚህ በላይ ሚያስረዳ የለም። ኒምባ ውስጥ አንድ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ መዝገባቸውን አምጡ ብለን ከፈትን። ረጅም ደረቅ ደብተር ነው፣ በእጅ የተሰመረ፣ ስም፣ እድሜ፣ ካውንቲ፣ አባት፣ እናት ይላል። የአባት አምድ ላይ ከላይ እስከታች "በጦርነት ሞተ" "በጦርነት ሞተ" ተብሎ ወርዷል፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሰው እጅ ጽሁፍ፣ ግማሾቹ ልጆች በአንድ ቀን የገቡ ናቸው። እድሜውን ስናይ ግን ጦርነቱ ካበቃ ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ የተወለደ ልጅ አባቱ በጦርነት ሞተ ተብሏል። ማኔጀሩን ስንጠይቀው አልደነገጠም እኮ፣ "ፎርሙ እንደዛ ነው ሚሞላው" አለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከነዛው ልጆች የአንዱ አባት ሞተር ሳይክል እየነዳ መጣ፣ ልጁን ሊጠይቅ፣ ሙዝ ይዞ።

አባትየው ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄን በደንብ ያዢልኝ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ልጅን ከተማ ላለች አክስት ወይም ለተሻለ ቤት ሰጥቶ ማስተማር የቆየ ወግ ነው፣ ሰው ልጁን የጣለ አይመስለውም። ማሳደጊያም በነሱ ዓይን ያው ነጻ ቦርዲንግ ስኩል ማለት ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት በሕግ ነጻ ቢሆንም ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ፣ በየምክንያቱ ሚጠየቀው መዋጮ አለ፣ እሱን መክፈል ያቃታት እናት የናንተ ግቢ ተከፈተ ስትባል ልጇን አጥባ ቀብታ ይዛ ትመጣለች፣ አባቱ የለም በይ ካሏት የለም ትላለች። እና እናንተ 40 ወላጅ አልባ አሳደግን ብላችሁ ፎቶ ትለጥፋላችሁ፣ እዚያ ያለው ግን ዩኒፎርም ያጡ 40 ልጆች ናቸው። ለዩኒፎርም ደግሞ አልጋ አያስፈልግም።

ኢቦላ በ2014 ሲገባ ሁሉም የፈራው የወላጅ አልባ ጎርፍ ይመጣል ብሎ ነው። ላይቤሪያ ብቻ ወደ 4,800 ሰው ሞቷል፣ ብዙ ልጅ እናቱንም አባቱንም አጥቷል፣ ግን አብዛኞቹን የወሰዷቸው አክስቶችና አያቶች ናቸው፣ ያ ሁሉ መገለልና ፍርሃት እያለ። እነዛ ኦልድ ማ ሚሏቸው አሮጊቶች፣ ለራሳቸው ሚበሉት ሳይኖራቸው አራት አምስት ልጅ ይዘው ገበያ ላይ ቃሪያና የዘምባባ ዘይት ሲሸጡ ታያለሽ። ብራችሁ እነሱ ጋ ቢደርስ የአንድ አልጋ ወጪ ስንት ቤት እንደሚያቆም ራስሽ ደምሪው፣ የጥበቃ ደሞዝ የለ፣ ጄኔሬተር የለ፣ የማኔጀር መኪና የለ።

ታዲያ ማሳደጊያ ጭራሽ አያስፈልግም ወይ? ያስፈልጋል፣ ለጥቂት ልጆች እና ለአጭር ጊዜ። ቤት ውስጥ የተደፈረች ልጅ ዛሬ ማታ ማደሪያ ትፈልጋለች። ለስራ ተብሎ ከገጠር የመጣና ጎዳና ላይ የተገኘ ልጅ ዘመዱ እስኪገኝ ማረፊያ ይፈልጋል። ጦርነቱ ካበቃ ከሃያ ዓመት በላይ ስለሆነ አሁን ልጅ ጎዳና ላይ ሚጥለው ድህነቱና ኩሽ ሚባለው እፅ ነው፣ በ2024 መጀመሪያ መንግስት የእፅ ሱሱን እንደ ብሔራዊ የጤና አደጋ አውጆታል። ስለዚህ ከ40 አልጋ ይልቅ አስር ሚሆን ጊዜያዊ ማረፊያ ያዙ፣ የቀረውን ብር ሁለት ጎበዝ ሶሻል ወርከር (ቤተሰብ ምትፈልግ፣ ምትከታተል ባለሙያ)፣ ሁለት ሞተር ሳይክል፣ እና ቤተሰቦቹ ጋ ሚደርስ ድጎማ ላይ አውሉት። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕጻን ግን በፍጹም ግቢ ውስጥ አታሳድሩ፣ የተባበሩት መንግስታት በ2009 ያወጣው መመሪያም ትንንሾቹ ቤተሰብ ውስጥ መሆን አለባቸው ነው ሚለው፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰብ ለመለየት ምክንያት አይሆንም ሚለውም እዛው ነው ያለው። ሕጻን በተራ ሚቀያየሩ ሞግዚቶች እጅ ላይ ሲያድግ ምን እንደሚሆን ለማየት ሳይንስ አያስፈልግሽም፣ ማንም እንግዳ በር ሲከፍት ሮጦ እግሩ ላይ ሚጠመጠመው ልጅ እሱ ነው። ጎብኚው ፍቅር ይመስለዋል፣ እኛ ግን ስናየው ሆዳችን ይላወሳል።

እንግዲህ ከከፈታችሁ አይቀር ስራው ሚበላሸውም ሚቃናውም በር ላይ ነው፣ ልጅ በገባበት ሰዓት። ፋይል ስልሽ ቢሮክራሲ እንዳይመስልሽ፣ ልጁ ወደቤቱ ሚመለስበት መንገድ ነው። በመጀመሪያው ቀን በለበሰው ልብስ ፎቶ አንሱት፣ ልብሱንም አታቃጥሉ፣ አጥባችሁ አስቀምጡለት። ማን እንዳመጣው፣ ስልኩ፣ የት እንደተገኘ ይጻፍ። የአምስት ዓመት ልጅ ካውንቲው ምን እንደሚባል አያውቅም፣ ግን እናቱ ምን እንደምትሸጥ፣ ፀጉሩን ማን እንደሚላጨው፣ ማታ አዛን ይሰማ እንደነበር፣ ወንዝ በምን እንደሚሻገሩ፣ ቤት ውስጥ በምን ስም እንደሚጠሩት ያውቃል። እሱን ልጁ እንዳለው፣ በራሱ አፍ፣ ሳታስተካክሉ ጻፉት። ቋንቋውን እዩ፣ ልጁ ሎርማ ወይም ኪሲ ከሆነ ከሎፋ በኩል ሊሆን ይችላል፣ ማኖ ወይም ጊዮ ከሆነ ኒምባን አስቡ፣ እና ሞንሮቪያ ያደገች ሶሻል ወርከራችሁ ከእንግሊዝኛው ሌላ ካልሰማች አስተርጓሚ ፈልጉ እንጂ በጥቅሻ አትሙሉት። ወንድምና እህት ከሆኑ አንድ ላይ ይደሩ፣ የሴትና የወንድ ክፍል አልተመቸንም ብሎ መለያየት የለም። ፋይሉ ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን መቼ ሊወጣ እንደታሰበ ቀን ይጻፍበት፣ ቀኑ ቢራዘም ለምን እንደተራዘመ ሰው ይጠየቅበታል።

የቤተሰብ ፍለጋው ደግሞ ቶሎ ነው ሚጀመረው፣ ልጁ ሲያርፍ ምናምን እየተባለ ወር አይጠበቅም፣ ትዝታውም እየጠፋ ይሄዳል፣ ዘመዱም ቦታ ይለቃል። በበጋ ካልሄዳችሁ በክረምት አትሄዱም፣ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ዝናቡ ሲወርድ ወደ ደቡብ ምስራቅ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና ሚውጥ ነው፣ የኛ ሰላም አስከባሪዎች በተልዕኮው ጊዜ እዛው ዝዌድሩ ሚባለው ከተማ በኩል ነበሩ፣ ከነሱ ውስጥ ምታውቂው ካለ ስለዛ መንገድ ጠይቂው፣ ይነግርሻል። መንደር ስትደርሱ መጀመሪያ ታውን ቺፍ (የመንደሩ ሹም) ጋ ነው ሚኬደው፣ ከዛ የሴቶቹ አለቃ ጋ። ለሴት ልጆች ሲሆን አንድ ለየት ያለ ነገር ጠይቁ፣ ሳንዴ ሚባለው የሴቶች ማህበር ያለበት አካባቢ ከሆነ ልጅቷ ስትመለስ ለግርዛት እንደምትወሰድ ወይም እንደማትወሰድ ከቤተሰቡ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሚያፍር ይኖራል፣ ቢሆንም ጠይቁ።

ሰራተኛ ላይ እንምጣ። አንድ ሞግዚት ከስድስት ከሰባት ልጅ በላይ አትያዝ፣ ያችው ሴት ያችኑ ልጆች ትያዝ፣ በየወሩ አታዘዋውሯት። ደሞዝ በቀኑ ክፈሉ፣ ይሄ ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ደሞዝ ሁለት ወር በዘገየበት ቤት ሁሉ የሩዝ ጆንያ በጓሮ በር ይወጣል፣ እሷም ልጆች አሏት እኮ። ለመቅጠር የፖሊስ ማስረጃ ጠይቁ ግን እሱን አትመኑት፣ ወረቀት ነው፣ የድሮ ቀጣሪውን ደውሉና ልጆች ጋር እንዴት ነበር ብላችሁ ጠይቁ፣ ዝም ካለ ዝምታውን ስሙት። የትኛውም አዋቂ፣ ፓስተርም ይሁን ፈረንጅ ይሁን የቦርድ ሊቀመንበር፣ በተዘጋ በር ውስጥ ከልጅ ጋር ለብቻው አይሆንም። ልጁ ደግሞ ሚናገርበት ከግቢው ውጪ የሆነ ሰው ይኑረው፣ ስልኳ ግድግዳ ላይ የተጻፈ፣ ማኔጀሩ ሊያባርራት ማይችል ሴት። ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ላስታውስሽ፣ በ2018 በጋዜጠኞች ምርመራ ዓለም ሁሉ የሰማው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ጉዳይ እዛው ላይቤሪያ ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ በትልልቅ ሰው የተጨበጨበለት ድርጅት ውስጥ ልጆቹን እየመለመለ ያመጣቸው ሰው ራሱ እንደሚደፍራቸው ነው የወጣው። መልካም ልብ ያላቸው ደጋፊዎች ሞልተው ነበር፣ አንዳቸውም እዛ አልነበሩም እንጂ።

ስለ ምግብ አጠር ላርግልሽ። ላይቤሪያዊ ልጅ ሩዝ ካልበላ በልቻለሁ አይልም፣ የኛ ሰው ያለ እንጀራ ጠገብኩ እንደማይለው፣ ስለዚህ ከሚኒሶታ ፓስታና ኦትሚል በኮንቴነር አትላኩ፣ እዛው ሩዝ፣ የካሳቫ ቅጠል፣ ባቄላ፣ ዓሳ ግዙ፣ የሰፈሩም ነጋዴ ይጠቀማል። ሩዙን ግን በጆንያ ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ክዳኑ ሚገጥም በርሜል ውስጥ ይሁን፣ በተለይ ወደ ቦንግ፣ ኒምባና ሎፋ ከሆነ ላሳ ፊቨር ሚባል በአይጥ ሽንትና ኩስ ሚተላለፍ በሽታ አለ፣ ሲጀምር ወባ ነው ሚመስለው፣ የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ትኩሳቱ ካልወረደ ልጅ ጋ ሰዓት ማባከን የለም፣ ሆስፒታል ነው። አጎበር በየአልጋው፣ ትኩሳት የጀመረው ልጅ በዛው ቀን የወባ ምርመራ። እከክ አንዱ ላይ ካያችሁ ሁሉንም አክሙ፣ ካልሆነ ሲዞር ይኖራል። የጉድጓድ ውሃችሁን ከመጸዳጃው ቢያንስ 30 ሜትር አርቁ፣ ሞንሮቪያ ዙሪያ ረግረግ ስለሆነ ከተቻለ ከዛም በላይ፣ ክሎሪንም ይኑር።

አሁን ብሩ። በልጅ ቁጥር ብር አትላኩ፣ ይሄን ብቻ ብትይዥልኝ ደስ ይለኛል። "በወር በልጅ ይሄን ያህል" ካላችሁ ማኔጀሩ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደሞዙ ተቀነሰ ማለት ነው፣ የትኛው ሰው ነው እንደዛ ሚሰራው? ቤቱን በዓመት በቁርጥ በጀት ደግፉ፣ እንደውም ልጅ በሰላም ተመልሶ ስድስት ወር ትምህርት ቤት መቆየቱ በታየ ቁጥር በጀቱ ሚጨምርበትን መንገድ ፈልጉ። ስፖንሰርሺፕ ሚሉት፣ አንድ አሜሪካዊ አንድ ልጅ ሚይዝበት፣ ልጁን እዛው ያስራል፣ ስፖንሰሩ ደብዳቤና ፎቶ ይፈልጋላ፣ ጎኑ ያለው ስፖንሰር የሌለው ልጅ ደግሞ የገና ስጦታ ሲታደል ቆሞ ያያል። ሴራሊዮን ቦ ከተማ ላይ በ2000 የተከፈተ አንድ የሜቶዲስቶች ማሳደጊያ ነበር፣ እሱ ልጆቹን ወደ ቤተሰብ መልሶ በ2018 አካባቢ ስሙን ጭምር ቀይሮ ልጆችን ወደ ቤተሰብ ሚመልስ ማእከል ሆነ፣ የድሮ ለጋሾቹንም ይዞ ነው የዞረው። ሰው ብሩን ይከለክለናል ሚለው ፍርሃት እንደሚባለው አይደለም፣ በደንብ ከተነገረው ይገባዋል።

ስለ ፈቃዱ፣ ድርጅቱ እንደ ድርጅት ተመዝግቦ፣ ማሳደጊያው ደግሞ ለብቻው ከሥርዓተ ጾታ፣ ሕጻናትና ማህበራዊ ጥበቃ ሚኒስቴር እውቅና ማግኘት አለበት፣ በ2011 የወጣ የሕጻናት ሕግም አላቸው፣ ጠበቃችሁ አገር ቤቱን ሚያውቅ ላይቤሪያዊ ይሁን። ልጅ መጀመሪያ ከገባ በኋላ ፈቃድ እናወጣለን ሚለውን እርሱት። የውጭ ጉዲፈቻም በሃሳባችሁ ውስጥ ካለ አውጡት፣ ላይቤሪያ በ2009 አግዳው ነበር፣ እኛም አገር በ2018 በሕግ ተከልክሏል፣ ለምን እንደተከለከለ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ሕያው እናት ያለችው ልጅ በወረቀት ወላጅ አልባ ሲደረግ አይተናል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ያሳሰበኝ ግቢው ነው። ላይቤሪያ ውስጥ በግል የመሬት ባለቤት መሆን ሚችለው ዜጋ ብቻ ነው፣ እናንተ ብር ታወጣላችሁ፣ ቤቱ በጓደኛሽ ቤተሰብ መሬት ላይ ይቆማል። ጓደኛሽ ደግ ሴት ትሆናለች፣ ግን ወንድሞች አሏት፣ የአጎት ልጆች አሏት፣ ጦርነቱ ሰውን ካፈናቀለ ወዲህ የመሬት ክርክር እዛ አገር ማያልቅ ነገር ነው። የናንተን ቆርቆሮና ሴራሚክ ያየ ዘመድ ከጋና ወይም ከፊላዴልፊያ ብቅ ብሎ ድርሻዬ ይላል፣ ያኔ ግቢው ውስጥ ልጆች አሉ። ስለዚህ በጽሁፍ የኪራይ ውል፣ ወራሾች በሙሉ ፈርመውበት፣ ተመዝግቦ። ይሄን ስትጠይቂያት ከተቀየመች፣ እሱም መልስ ነው።

ጎብኚ ቡድን ምናምን ደግሞ ይቅር፣ ሁለት ሳምንት ልጅ አቅፎ ሚመለስ ወጣት ለልጁ ሌላ መለየት ነው። ሄዳችሁ ማየት ያለባችሁ ሂሳቡንና ፋይሉን ነው፣ እሱን ደግሞ አንድ ሰው ሳይነገር ሄዶ ያየዋል።

ጓደኛሽን እስኪ አንድ ነገር ጠይቂያት፣ በሃሳቧ ያሉትን ልጆች በስም ታውቃቸዋለች ወይ? ካወቀቻቸው አሁን ማታ ማታ የት ነው ሚያድሩት፣ ማን ነው ሚያበላቸው? መልሷን ጻፊልኝና ከዛ በጀቱን አብረን እንሰራዋለን፣ ሚያበላቸው ሰው ካለ ከዛ ሰው ነው ምንጀምረው።